ሃያ አንደኛው ቃል

አዲሱ ገዢ እኩለ ቀን ላይ ሰገነቱን ሊያዩ ይመጣሉ የሚለው ወሬ የደረሰው የሰገነቱ ጠባቂ ጉ ደሹን የጠዋት የሩዝ አጥሚቱን ጠጥቶ ሳይጨርስ ነው።

ወሬውን ያመጣው የአገረ ገዢው ጸሐፊ ሚያው ነበር። እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ ገባና ከእጅጌው ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ከሳህኑ አጠገብ ዘረጋ።

«የገዢው አባት ስም ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንብበው፣ ግን እንዳትጠራው።»

ጉ አነበበ። አንዲት ቃል ናት። «ሙ»፤ ምሽት ማለት ነው።

የሞተ አባትን ስም በልጁ ፊት መጥራትም ሆነ መጻፍ ትልቅ ነውር ነው። ልጁ ገዢ ሲሆንማ ነውር ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሚያው ከትናንት ጀምሮ ከተማውን እያመሰው ነው። የምሽት ገበያ ሰሌዳ ወርዷል። የምሽት ደወል «የመብራት ደወል» ተብሏል። አንድ ምስኪን ዓሣ ሻጭ ገበያውን በድሮው ስም ጠርቶ እዚያው ገበያ መሃል ሃያ ዱላ ቀምሷል።

«ገዢው ናቸው ያዘዙት?» አለ ጉ።

«እሳቸው እስኪያዙ የሚጠብቅ ጸሐፊ አንገቱ ላይ ጭንቅላት አይሰነብትም! ስማ፣ ሦስት ትልልቅ ከተማ ቢሰጣቸው እምቢ ብለው እኛን መርጠው ነው የመጡት። ምን ፈልገው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እዚህ ያቺ ቃል የለችም አይደል?»

«የለችም» አለ ጉ ቶሎ ብሎ።

ሚያው እንደወጣ ጉ ሳህኑን ገፋው። ነበረች እንጂ! ሠላሳ ዓመት የዝይ ማረፊያ የሚባለውን ያንን ሰገነት ጠርጓል። መንገደኛው ሁሉ ግድግዳው ላይ የጻፈውን ግጥም በቃሉ ያውቀዋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በሰሜን በኩል፣ ወንዙን ከሚያሳየው መስኮት አጠገብ እንዲህ የሚል ነበር፦

ጀልባው ሊሄድ ነው፣ ነፋሱም ጠራኝ፤
የቀረኝን ወይን ጽዋው ላይ ተውኩኝ፤
ከኔ በኋላ የሚመጣው እሱ ይጠጣልኝ፤
እኔን ይህ ወንዝ ቁልቁል ወሰደኝ
ምሽት

ጉ ይህን ግጥም «አንካሳው» ይለዋል። በየመስመሩ አምስት አምስት ቃል ተቆጥሮ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ አንዲት ቃል ትተርፍና ከታች፣ አነስ ብላ፣ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ሰክሮ የጻፈው ነው እያለ ሲስቅበት ኖሯል። ዛሬ ግን ሳቅ የለም።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ» አለችው ሚስቱ ሩይኒያንግ።

«ኖራ በጥብጪልኝ። አንካሳውን ላጠፋው ነው።»

«አብደሃል? ስንት ሰው ያለቀሰበትን! ደግሞ ጽሕፈቱ እንዴት እንደሚያምር…»

«ዝም በይ እባክሽ! መጨረሻው ላይ ያለችው ቃል የገዢው አባት ስም ናት!»

ሩይኒያንግ አፏን በእጇ ያዘች። «እሷን ብቻ ፋቃታ» አለች።

«ጠባሳው ይታያላ! ምን ነበር እዚህ ቢሉኝ ምን ልመልስ? ሁሉም ይጥፋ።»

ፋቀው። ቀለሙ አቧራ ሆኖ ጫማው ላይ እስኪከመር ድረስ ፋቀው። በጣም ያስቸገረችው ያቺው ትንሿ ቃል ነበረች፤ የጻፈው ሰው ብሩሹን አጥብቆ ተጭኗል። ከዚያ ሩይኒያንግ ኖራውን ቀባች። ቀና ብለው ሲያዩት ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ደርሳለች።

ገዢው ያለ ነጋሪትና ያለ ጃንጥላ መጡ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሚያው ከኋላቸው ኩስ ኩስ ይላል። በአንድ እጃቸው ትንሽ የወይን እንስራ፣ በሌላው አንዲት ጽዋ ይዘዋል።

ጉ ዓይኑን ጽዋዋ ላይ ተከለ። ትልልቅ ሰዎች በደለኛን በአደባባይ ማስገደል ሲያሳፍራቸው የተመረዘ ወይን ይልኩለታል ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ለኔ ነው አለ በልቡ፤ አለቀልኝ።

ገዢው አንደኛው ፎቅ ላይ ያሉትን፣ አገር የሚያደንቃቸውን ግጥሞች ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ሁለተኛውንም አለፉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወደ ሰሜኑ መስኮት ሄዱ።

ማነው የነገረብኝ? አለ ጉ በልቡ።

ገዢው ግድግዳውን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸው ነጭ ሆነ።

«ይህ መቼ ነው የተቀባው?»

«ዛሬ… ዛሬ ጠዋት ጌታዬ። ለእርስዎ ክብር ተብሎ ነው።»

ገዢው ጽዋዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ወይን ሊቀዱ ሲሞክሩ ግማሹ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጉ ቃሎቹን ለየ፤ አንካሳው ነው! እሳቸው በቃላቸው ይሉታል። አንደኛው መስመር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው… «ወሰደኝ» ላይ ቆሙ።

ጉ መሬት ላይ ተደፋ። «ጌታዬ ይማሩኝ! ያቺን ቃል ዓይንዎ እንዳያያት ብዬ ነው፤ በገዛ እጄ ፍቄያታለሁ! ምልክቷ እንኳ የለም!»

«ግጥሙ ሃያ ቃል ነው፤ ባሏ ከዚህ ወንዝ ሳይመለስ የቀረባት እናቴ ከመንገደኛ ሰምታ በቃሌ አስጠንታኛለች» አሉ ገዢው፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ፤ «እኔ የመጣሁት ሃያ አንደኛውን ለማየት ነበር፤ የአባቴን ፊርማ።»