በሕፃናቱ ክፍል የተከፈተው ሳጥን

የኤሌክትሪክ መምህራኑ ለአሥር ቀን የጥገና ሥልጠና ገብተዋል። ጠመኔ እንጂ ፒንሳ መያዝ አታውቁም ተብለው ነው። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙ፣ እውነተኛ ብልሽት ላሳያችሁ ብሎ ወደ አንድ የሕፃናት ማቆያ ወሰዳቸው።

ከመምህራኑ አንዷ ደስ አላት። የሁለት ዓመት ልጇ እዚያ መዋል ከጀመረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት እሷ ግቢውን ረግጣው አታውቅም። በመንገድ ላይ አሠልጣኙ፣ በስድስት ዓመት አንድም ተማሪሽ ወድቆ አያውቅም አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ልጆቼ አይደሉ?» አለች። «እናት ልጇን ትጥላለች?»

ሁሉም ሳቀ።

የተበላሸው የኤሌክትሪክ ሳጥን ሕፃናቱ በሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ ነበር። አሠልጣኙ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ክዳኑን አነሳው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫቸውን መታው፤ በረሮው ተርመሰመሰ። በናስትሮ ፋንታ ሽቦዎቹ በፌስታል ተጠቅልለዋል። ፌስታሉ ቀልጦ እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሏል። በፊውዙ ቦታ ምስማር ተሰክቷል።

መምህርቷ ወደ ታች አየች። የልጇ ፍራሽ ከሳጥኑ ሥር ነው። ልጁ ተነሥቶ ቢወጣም ትራሱ ላይ የምራቁ እርጥበት ገና አልደረቀም።

«ይሄን የሠራው ሰው ነው?» አለች።

የማቆያው ሁለገብ ሠራተኛ፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሻል። ከኪሱ ፒንሳ ብቅ ብሏል። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር እድፍ አስጠላት።

«ጋሼ፣ ምስማሩ የማን ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሌላ ምን ቀረ? ሌላ አንዲት መምህርት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አንዱ፣ ይሄማ ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ አጉረመረመ። ጋሼ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ማን ሰምቶት። መምህርቷ ቀጥታ ወደ ማቆያው ኃላፊ ቢሮ ገባች። ሰውዬው ዛሬውኑ ካልተባረረ ልጇን ይዛ እንደምትወጣ፣ ለወላጅ ሁሉ እንደምትናገር ነገረቻት። ኃላፊዋ ወረቀት ስባ የስንብት ደብዳቤውን ጀመረች።

ጋሼ ተከትሎ ገባ፤ አሠልጣኙም ከኋላው።

«አምስት አፍ ነው የማበላው» አለ። «ምስማር ስጠን አሉኝ፣ ሰጠሁ። ሽቦ ነክቼ አላውቅም፣ እፈራለሁ። ሳጥኑን የሠሩት ልጆች ወረቀት ትተው ሄደዋል። እሱን እዩልኝና ከዚያ አባሩኝ።»

መምህርቷ ፊቷን አዞረች። ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ እንኳ ቀፈፋት። ጥፋቱን ደግሞ በልጆች ሊያላክክ ነው፣ አለች በሆዷ።

ኃላፊዋ ከመደርደሪያው አንድ የአምና ፋይል አወጣች። አሠልጣኙ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ሥራውን አራት የተግባር ልምምድ ተማሪዎች አከናውነዋል። ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ሽቦ በሽቦ ታይቶ፣ እጅግ በጣም ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። በቦታው ተገኝታ ያረጋገጠችው መምህርት...»

አሠልጣኙ ንባቡን አቋረጠና ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው።

ፊርማው የራሷ ነበር።