የወይን ድንኳኑ ደንበኛ

ወልድያ ውሃ በጀሪካን እየገዛች በነበረችበት ወር ወይን መጣላት።

ጦርነቱ ከከተማዋ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ባንኮቹ መስታወት የላቸውም፤ መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ቢሆንም «ንግዱን እናነቃቃ» ተባለና በጥር 2014 መጨረሻ የሦስት ቀን ባዛር ተዘጋጀ። ከአዲስ አበባ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ወይን አስመጪው ደሳለኝ ነበር። ዱቄት ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።

ደሳለኝ ትልቁን ድንኳን ያዘ። የሦስት ወይን አምራቾችን ፎቶ ሰቀለ፤ አንዱ ጣሊያናዊ፣ አንዱ ፈረንሳዊ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ሦስቱም ባርኔጣ ያጠለቁ። አንዳቸውንም በአካል አግኝቶ ባያውቅም «አምራቾቼ» እያለ ነበር የሚጠራቸው። ለገባ ሁሉ የየአምራቹ ወይን በትንንሽ ብርጭቆ፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ጋርም ከዚያው እርሻ የመጣ የደረቀ የወይን ፍሬ በወረቀት ተጠቅልሎ በነፃ ይቀርባል። ፍሬውን ያላየ ሰው ወይኑ አይገባውም ባይ ነው።

«ቀምሳችሁ እዚህ ባልዲ ውስጥ ትተፉታላችሁ» ብሎም አስተማረ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ለወራት ሲራብ በከረመ ከተማ ውስጥ አፍ የገባን ነገር ትፉ የሚል ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሁሉም ዋጠና እንደገና ተሰለፈ።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ከጎረቤቷ ግራና ከተማ የመጣው ሽንኩርት ነጋዴ አብዱልጀሊል ሽንኩርቱን ሸጦ ጨረሰ፤ ወደ ወይን ድንኳኑም ገባ። ሶላት የማያልፈው፣ አረቄ ከሚጠጣበት ቤት ሻይ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው። ልጁ መሪማ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒካሕ ታስራለች፤ ባሏ የሚሆነው የመርሳው የሐጂ ዓሪፍ ልጅ ነው። ሐጂ ዓሪፍ ለሽምግልና የመጡ ዕለት «ሀብት አልጠይቅዎትም፤ ስምዎን ሰምቼ ነው የመጣሁት» ብለውት ነበር።

ከድንኳኑ ሲወጣ መሐረብ ወደ ደረት ኪሱ እየከተተ ነበር። መሪማ በአረንጓዴ ክር ዳር ዳሩን የጠለፈችው ነጭ መሐረብ ነው።

ይህን ያየው ፈንታው ነው። ፈንታው የግራና ባለሱቅና የአብዱልጀሊል ጎረቤት ሲሆን ከፊት ለፊት የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣል። ጫማው ብዙም ገዢ ስላልነበረው ዓይኑ ሥራ ፈትቶ ነበር። አብዱልጀሊል በዚያን ቀን ብቻ አራት ጊዜ ገብቶ ወጣ።

«አየህ፣ አፉን ጠርጎበት ነው የሚወጣው» አለ ጫማ ለሚለካ ሰው። «እኛ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዘቢቧ ተዘርፋ ከነሐሴ ጀምሮ ቅዳሴ ናፍቆን እንቃጠላለን፤ የሶላቱ ሰውዬ እዚህ ወይን ያንቆረቁራል።»

ሰውየው ጫማውን ትቶ ወሬውን ይዞ ሄደ።

ማታ ደሳለኝ ባልዲውን ቢያየው ከሥሩ ወይን ተጠራቅሟል።

«አንድ የገባው ሰው አለ ማለት ነው» ብሎ ተደሰተ።

ወይን የምትቀዳው ሔዋን ማን እንደሆነ ታውቃለች። ግን የጠየቃት የለም። ባዛሩን የሞላው ሰው ሁሉ የሚያወራ እንጂ የሚጠይቅ አልነበረም።

በማግስቱም አብዱልጀሊል አራት ጊዜ ተመላለሰ። ፈንታው ስልኩን አውጥቶ መርሳ ደወለ። «ለእርስዎ አዝኜ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ዓሪፍ በሚኒባስ ወልድያ ገቡና ከፈንታው ጫማዎች አጠገብ ቆሙ። አብዱልጀሊል ለሦስተኛ ጊዜ ከድንኳኑ ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ከየት ነው የሚወጡት?»

«ካዩት ቦታ ነው።»

«ጠጥተዋል?»

«ወላሂ ከንፈሬን አልነካውም።»

«ታዲያ በሦስት ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ምን ሊሠሩ ገቡ?»

አብዱልጀሊል ደረት ኪሱን በእጁ ሸፈነ። «የኔ ጉዳይ ቢሆን እነግርዎት ነበር። የሰው ገበና ነው፤ አደራ ተብያለሁ።»

«ገበናው በሩቁ ይሸታል» አለ ፈንታው።

ሐጂ ዓሪፍ ጠጋ ብለው ለማሽተት እንኳ አልፈለጉም። «እኔ የጠየቅሁዎት ስም ብቻ ነበር» አሉና ወደ መናኸሪያው ተመለሱ።

ኒካሑ መቅረቱን መሪማ የሰማችው በዚያው ቀን፣ ውሃ ልትቀዳ በተሰለፈችበት ከሰው አፍ ነው። አባቷ ሲመሽ ገባ። ሲተኛ ጠብቃ የኮቱን ደረት ኪስ ፈተሸች፤ ልታሸተው የፈለገችው መሐረብ የለም። ጥሎት መጣ ብላ አለቀሰች፤ ከሠርጉ መቅረት ይልቅ ያ አንገበገባት።

እሑድ በግራና ቤተ ክርስቲያን ከስድስት ወር በኋላ ቅዳሴ ገባ። ፈንታው ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ፣ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከሁሉ ፊት ቆመ። ቆረበም። ቅዳሴው ሲያልቅ በቅጥሩ ጥላ ሥር ሰው ሰብስቦ የጎረቤቱን የወይን ድንኳን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከ፤ «እንዲህ ካለው ሰው ጋር መጎራበት ራሱ ያስነውራል» ብሎም ደመደመ።

ዲያቆኑ የዕለቱን ቁርባን ያዘጋጀው፣ ካህኑ በዳሩ አረንጓዴ ክር ከተጠለፈ ነጭ መሐረብ ፈትተው በሰጡት ዘቢብ ነበር።