የመክፈቻው ቁጥር

ላፕቶፑ አፕዴት አድርጎ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀ። ሚስትየዋ ወደ ባሏ አዞረችው። ከውጭ ሲመለስ "ዲስኩ የተመሰጠረ ነው፤ ካንቺ በቀር ማንም አያየውም" ብሎ የሰጣት እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስክሪኑን እያየች ፈገግ ባለች ቁጥር፣ ማክሰኝት ከተማ አብሯት የሚያስተምረው ህሩይ ነው የጻፈላት እያለ አንጀቱ ሲቃጠል ከርሟል።

"ህሩይን ጠይቂዋ፤ እሱ ዘንድ አይጠፋም" አላት።

"ምነው! ያለው አንተ ዘንድ እኮ ነው። መጀመሪያ የከፈትከው በራስህ አካውንት አይደል?"

ስልኩን አውጥቶ አካውንቱን ፈተሸ። ቁጥሩ በላፕቶፑ ስም ቁጭ ብሏል። የይለፍ ቃሏን ከጣቶቿ ሊሰርቅ ስንት ቀን በትከሻዋ አጮልቆ ነበር! ቁጥሩን አስገባ፤ የይለፍ ቃሉን ደግሞ እሷው ጮክ ብላ ነገረችው። ውስጡ ያገኘው የተማሪዎቿን ፈተናና የሚያስቁ መልሶቻቸውን ብቻ ነበር።

"ስታነበው የኖርክ መስሎኝ ሌላ ነገር አላኖርኩበትም" አለችው።

"የልብሽንስ የት ታኖሪዋለሽ?"

"እሱንማ ለነፍስ አባቴ ነው የምነግረው።"

ባልየው ባለፈው እሁድ በገዛ እጁ ወንበር ስቦ ባስቀመጣቸው፣ ጉልበት ስሞ በሸኛቸው ሽማግሌ ቄስ ቀና።