እስከ ማታ

«ኧረ በሞትኩት! በርዷት ድርቅ ብላለች እኮ!»

መጥረጊያዬን ጥዬ እንሽላሊቷን ከትሪው ላይ በባዶ እጄ አነሳታለሁ። መዳፌ ላይ አድርጌ እፍ እላታለሁ። ብርድ ሲነካት እንዲህ ነው የምትሆነው፤ ክረምቱን ሙሉ በትንፋሼ ነው ያነቃኋት።

ኢንባል፣ የወንድሜ ልጅ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራለች። ትምህርቷ በእነዚህ አሸዋ ለአሸዋ በሚሹለከለኩ እባብ መሳይ እንሽላሊቶች ላይ ነው። እኔ ቤተ ሙከራዋን እጠርጋለሁ፣ ትል አበላቸዋለሁ። ይቺኛዋ እርጉዝ ናት። «ስትወልድ ያዩዋታል፣ አክስቴ» ብላኛለች ኢንባል። እኔ መካኗ፣ እንደ ሞኝ ቀን ስቆጥር ከረምኩ።

ዛሬ ደግሞ የወንድሟ የኢታን ልጅ ይገረዛል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱንም ያሳደግኩ እኔ ነኝና ሕፃኑን አቅፌ ወደ ግዝረቱ የማስገባበት ክብር የእኔ ነው። ነጭ ቀሚሴን ከሽርጤ ሥር ለብሼ መጥቻለሁ። ኢንባል «እህቱ እያለሁ!» ብላ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋለች።

«ይምጡ፣ ይዩ» ትለኛለች አሁን።

እንሽላሊቷን እንደያዝኩ ጎንበስ እላለሁ። ምስር የሚያካክሉ ሽሎች ናቸው። ከጎናቸው ትንንሽ ጉጦች ወጥተዋል።

«ውይ፣ እግር አላቸው!»

«አሁን ብቅ ይላል፣ ከዚያ ማደጉን ይተዋል። አጥንቱ ሲጀምር ለማየት ዛሬውኑ መቅደድ ነበረብኝ።»

«ማንን?»

ቀና ብላ መዳፌን ታያለች። «እሷን። ጠዋት።»

እገለብጣታለሁ። ሆዷ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። መዳፌ ርሷል።

«ሳነሳት አይተሽኛል።»

«አይቻለሁ።»

ኦሪቱን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። የሞተች እንሽላሊት የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው። ግዝረቱ ቀትር ላይ ነው።

«ይታጠቡ በቃ። ዛሬ ይሄን ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ! አንቺ ጨካኝ! ይሄን እያወቅሽ!»

«ቤሰደር» ትላለች፣ በዕብራይስጥ እሺ እንደማለት። ጓንቷን ከእጇ ላይ ልጣ ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች። «እንግዲያ እኔ አስገባዋለሁ። እኔ እንኳ በእጄ አልነካኋትም።»

ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። እኔ ቀሚሴን እንዳይነካብኝ ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ቆሜያለሁ፣ ሕፃን ሊያቀብሉኝ ይመስል።