ለአንድ በር የሚሆን ማሽን

ባሏ ትንሹን የብየዳ ማሽን በማንገቻው አንጠልጥሎ ሱቁ መሃል ይንጎራደዳል።

«ይኼን ነው ማሽን ማለት! እንደ ዘንቢል ትከሻ ላይ ጣል ነው። ኤሌክትሮዱን ታስነክሺዋለሽ፣ ትለኩሺዋለሽ፣ አለቀ። ለቤት ሥራ ከዚህ ወዲያ ምን ያደርጋል?»

ሚስቱ ግን ዓይኗን ከትልቁ ላይ አልነቀለችም። ትልቁ ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ተቀምጧል። ሆዱ ቀድሞት የሚሄደው ጨዋታ አዋቂ ሻጭ ከገቡ ጀምሮ ሲያሞግሰው ነው የቆየው፤ በኤሌክትሮድ ይበይዳል፣ ቀጭን ሽቦ ከሆዱ እየተፋ ይበይዳል፣ ሲያሻው ደግሞ በአርጎን ጋዝ።

«እኔ ትልቁ ነው የሚሻለን ባይ ነኝ» አለች።

«ለአንድ በር?»

«ነገ ሌላ ነገር ይሰበራል። የልጅህም አጥር አለ።»

«በትንሹ አጥር አይታጠርም ያለሽ ማነው? እኔ የዚህን ግማሽ በማይሆን ማሽን ስንት ጣሪያ አቁሜያለሁ! ደግሞ የሽቦው ጋዝ ይፈልጋል፤ ደጅ ላይ ነፋስ ሽው ካለ ጋዙን ይበትነዋል።»

«ጋዝ የማይፈልግ ሽቦም አለው፣ ጋሼ» አለ ሻጩ።

ባሏ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እሷም ዋናውን ምክንያት አልተናገረችም። የግቢያቸው በር ማጠፊያው ተገንጥሎ በድንጋይ ተደግፎ መቆም ከጀመረ ሰነባብቷል። ባሏ «እኔ በሕይወት እያለሁ የማን እጅ ነው በሬን የሚነካው?» ብሎ አንድም በያጅ አላስጠጋም፤ ራሱም አልነካውም። አሮጌው ማሽኔ ተቃጥሏል ይላል። እውነት ነው፣ ተቃጥሏል። ግን ከማሽኑ በፊት የከዳው እጁ ነው። እሷን ያስጨነቃት የበሩ ነገር አይደለም፤ በሩ ዕድሜ ልኩን በድንጋይ ይቁም። የፈራችው ይህ ሰው አንድ ጠዋት ተነስቶ «ብየዳ በቃኝ» ያለ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ምኑ ይቀራል ብላ ነው።

«ከምንከራከር ብረቱ ይፍረደን» አለ ሻጩና ወደ ጓሮው ወሰዳቸው። የብረት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጭ ላሜራ አጋጥሞ አስቀመጠ። ባሏ በትንሹ ማሽን ሊጀምር ሻጩ የሰጠውን የፊት መከለያ ማስክ ደፍቶ ጓንቱን አጠለቀ። እሷ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥሩ ብየዳ በድምፁ ይታወቃል፤ የጋለ ዘይት ላይ የወደቀ ነገር ይመስል ሳያቋርጥ ይንጫጫል። አሁን የሰማችው ግን አንዴ ቸስ ማለትና ዝምታ ብቻ ነው።

«እርጥበት የገባው ኤሌክትሮድ ነው» አለ ባሏ። ሌላ ተሰጠው። ቸስ፣ ዝም። «ኃይሉን ጨምረው!» ተጨመረለት። ይኼም ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ዞር ብላ አየች። የኤሌክትሮዱ ዘንግ ረዥም ነው፤ እጁ ላይ እምብዛም የማያስታውቀው መንቀጥቀጥ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጭፈራ ሆኗል። ሻጩም አይቷል፤ ያየ ላለመምሰል ትልቁን ማሽን እየገፋ አመጣና አጠገባቸው አቆመው።

«መሞከር አያስከፍልም፣ ጋሼ።»

ባሏ ማስኩን ወደ ላይ ገለበጠ። ሻጩን ትቶ እሷን አያት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሻይህን ግማሽ ግማሽ መቅዳት ከጀመርኩ ወዲህ።»

«እና እኔ ስኳር ተወዶ ነው ብዬ በሆዴ ሳማሽ ከረምኩ!»

ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር ዕንባዋ መጣ።

«አንተ ሰውዬ» አለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እጅህ ቢንቀጠቀጥ ሙያህ አብሮ ተነነ እንዴ? በሁለት እጅህ ያዘው።»

ባሏ ማስኩን መልሶ ደፋና ወደ ትልቁ ማሽን ዞረ። ሽቦው የሚወጣበትን መተኮሻ አነሳ። አጭር ነው፤ አንዱ እጁ ሲይዘው ሌላው ከሥር ደገፈለት፤ ክርኖቹ ጠረጴዛው ላይ አረፉ። እሷ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ወዲያው ድምፁ ተሰማ፤ አልተቆራረጠም፣ አልተንተባተበም። ከዚያ ባሏ ብየዳውን የሚፈትንበት የመዶሻ ምት። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያ በንዴት የሚመስል ሦስተኛ። ብረቱ አልተላቀቀም።

«ጋሪው ላይ ያለውን እንወስዳለን» አለ ባሏ። «ማስኩን ሁለት አድርገው።»

«ሁለት?» አለ ሻጩ።

«ስሠራ የሚያይልኝ ሰው አለኝ። ነይ እስቲ አንቺ።»

የበያጅ ሚስት ሆና ኖራ ኖራ ያንን እሳት አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ድንገት ቀና ያለች እንደሆነ «ዓይንሽን!» የሚል ጩኸት ነበር የሚቀድማት። አሁን ራሱ ማስኩን አጠለቀላት፤ ማሰሪያውን ለማጥበቅ ጣቶቹ ጥቂት ታገሉ፣ እሷም ሳትረዳው ጠበቀች። ከዚያ ትከሻዋን ይዞ አጠገቡ አቆማት።

በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ጠረጴዛውም፣ ሻጩም፣ ባሏም ጠፉ። «ብልጭታውን ተይው፣ ከሥሩ ያለውን ተከተዪ» የሚለው ድምፁ ብቻ ቀረ። እሳቱ በራ። ከሥሩ የምስር ፍሬ የምታህል የቀለጠ ብረት እየተንቀለቀለች ቀስ ብላ ወደፊት ትሄዳለች፤ ያለፈችበት ይቀላና ይረጋል። ከግራና ከቀኟ ሁለት ትልልቅ ጓንቶች ይታያሉ፤ ቀጥ ብለው አብረዋት ይጓዛሉ።