ከነኮቱ

ነርሷ ልጁን ከነኮቱ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው አባትየው ትንፋሹን ዋጠ። የሦስት ዓመቱ ልጅ ያጎረሱትን ሁሉ መልሶ ይተፋል፤ ባለፈው ወር ሐኪሙ "ኪሎ ካልጨመረ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለታለን" ብሏቸው ነበር። የሚዛኑ ጠቋሚ ሽቅብ ወጣ።

"ጎሽ የኔ ጀግና! ጨምረሃል እኮ!" አለች ነርሷ። ወዲያው ኮቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አየችና እጇን ኪሱ ውስጥ ሰደደች። ሽንኩርት የሚመዘንበት የሩብ ኪሎ ብረት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠዋት ከሱቁ አምጥቶ የከተተው አባትየው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንንም በሚዛን አታሎ የማያውቀው ሰውዬ ፊቱ ደም መሰለ።

"ምነው ወንድሜ?" አለችው ቀስ ብላ።

"ቱቦው እንዳይገባበት ብዬ ነው ሲስተር።"

አጠገቡ የቆመችውን ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም። እሷ ግን አልተቆጣችም። ኮቱን ከልጁ ላይ አወለቀች፤ የገበሩን ስፌት በጥርሷ በጠሰችና ባሏ ከትናንት ጀምሮ ሲፈልገው የነበረውን የሱቅ ጓጉንቸር አውጥታ ከብረቱ አጠገብ አስቀመጠች።

"ይኼ ደግሞ የኔ ነው" አለች።

ልጁ በስስ ካናቴራ ሚዛኑ ላይ ቀረ። በርዶት ኖሮ ሁለት እጆቹን ወደ አባቱ ዘረጋ።

"አንተ እይልኝ፤ እኔስ አልችልም" አለች ሚስቱ ፊቷን አዙራ።

እሱም ሚዛኑን አላየም። ልጁን ብብትና ብብቱን ይዞ አነሳው፤ እጁ ግን ኪሎ ስቶ አያውቅም።