እናትየው ለተቃራኒ ቡድን የጮኸችበት ቅዳሜ

"ጎ...ል! ጎል! ጎል!"

እናትየው ከወንበሯ ብድግ ብላ እጆቿን ወደ ጣሪያው ዘረጋች።



ወንድ ልጇ ጭንቅላቱን ያዘ። ሴት ልጇ አፏን ከፈተች።

"እማዬ... ያገቡት እኮ እነሱ ናቸው!"

ቆይ ግን... ይቺን ሴት ሳላስተዋውቃችሁ አልቀጥልም።

ልብስ ሰፊ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ኳስ ካላየች እህል አይወርድላትም።

በሠርጓ ዕለት ሙሽራውን ጠጋ ብላ "ስንት ለስንት ሆኑ?" ብላ የጠየቀች ሴት ናት 😂

ሴት ልጇን ስትወልድ ደግሞ ምጡ የመጣባት ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነበር። ጥርሷን ነክሳ ጨዋታው እስኪያልቅ ተቀመጠች።

"ልጁ ይጠብቃል፣ ኳሱ አይጠብቅም" ብላ!

ይቺን ነገር ያዙልኝ... ሴትየዋ ሕመም መደበቅ ታውቅበታለች።

ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ልጆቿ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። ወንዱ ሹፌር ነው። ሴቷ ፋርማሲስት ናት፣ በቅርቡ ወልዳለች።

ኳስ ያያሉ... ይጮኻሉ... ይፎጋገራሉ።

ያን ቅዳሜ ግን ሕፃኑ በስንት መከራ ተኛ። ልጅቷ ሪሞቱን አነሳችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋችው።

"ትንሽ እንኳ ተዪልኝ..." አለች እናት።

"እማዬ፣ ይነቃብኛል! ምስሉ አለልሽ አይደል?"

እናት ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ጎተት አደረገች።

"ልትገቢበት ነው እንዴ?" አለ ወንድ ልጇ በሹክሹክታ። ወንበሩ በየሳምንቱ እየተጠጋ መሄዱ የቤቱ ቀልድ ነበር።

የእሷ ቡድን ሁሌም ቀይ ለባሽ ነው። ያን ቀን ግን ባለሜዳዎቹም ቀይ ስለሚለብሱ፣ የእሷዎቹ ነጭ ለብሰው ገብተዋል።

ቀይ የለበሱት አገቡ...

እሷ ጮኸች።

"ምነው እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ክለብ ቀየርሽ?" ወንድምየው ትራስ አፉ ላይ ጭኖ ተንፈቀፈቀ።

እናትም ሳቀች። ግን ሳቋ ዘገየ...

ልጅቷ ይህን አየች።

"እማዬ... ስንት ደቂቃ ሆነ?"

ሰዓቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ በትልቁ ይታያል።

"ዓይን የለሽም? ራስሽ አታዪውም!"

"አንቺ ንገሪኝ።"

እናት የቀሚሷን ጫፍ አጠፈች... ዘረጋችው... መልሳ አጠፈችው።

"ድምፁን መልሺልኝ" አለች በመጨረሻ። "ያ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ካልነገረኝ... ለእኔ ቀይና ነጭ ጉም ነው።"

ልጅቷ ክው አለች።

ጥግ ላይ ያለውን የስፌት መኪና አየችው። ጨርቅ ከለበሰ ሰንብቷል። "ሥራ ቀዝቅዟል" ብላቸው ነበር... አምነዋታል።

ቀኑን ሙሉ ለሰው የዓይን ጠብታ አጠቃቀም ስታስረዳ የምትውል ልጅ፣ የእናቷን ዓይን ሳታይ ቀረች።

ሰኞ ዓይን ክሊኒክ ሄዱ። የሐኪሙ በር በተከፈተ ቁጥር ልጅቷ ትነሳለች... ትቀመጣለች... ወንድምየው የመኪና ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል።

ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እናትየው አስጠጋ።

"እናቴ፣ የቀኙ ዓይንዎ ግፊት በዝቶበት ነርቩ ተጎድቷል። እሱን ልመልሰው አልችልም። ግራው ላይ ያለው ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና እናነሳዋለን። ምን ያህል እንደሚያዩበት ግን ፋሻው ሲፈታ ነው የምናውቀው... ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ..."

አልጨረሰውም።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ አለቀሰች።

"እኔ እያለሁልሽ ለምን ደበቅሽኝ? ቀዶ ጥገና ፈርተሽ ነው?"

"ኤዲያ! ምን እፈራለሁ..."

"ታዲያ ምንድነው?"

እናት አቀረቀረች።

"ቅዳሜን ፈርቼ ነው።"

"ቅዳሜን?!"

"እናንተ የምትመጡት ለኳሱ ነው። እኔ ማየት ካቆምኩ... ምን ልታደርጉ ትመጣላችሁ? ጥግ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ልታዩ?"

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች...

"እማዬ... እኔ እኮ ኳስ አልወድም!"

"ምን?"

"ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም! አንቺ ስትጮኺ ነው የምጮኸው!"

እናት በድንጋጤ ወደ ወንድ ልጇ ዞረች። "አንተስ?!"

አንገቱን አከከ። "እኔ... ትንሽ ትንሽ..."

ቅዳሜ ጠዋት ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ከሰዓት ቤት ገብታ፣ ግራ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ፣ ያው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ራሷ አስዘጋችው።

"ዛሬ አንቺ ንገሪኝ" አለቻት ልጇን።

"እሺ... አንዱ ቀይ ለሌላው ቀይ ሰጠው... ያኛው ሰማያዊ ቀማው... ኧረ ወደቀ!"

"እነዚህ ልጆች ስም የላቸውም?!"

ሁሉም ሳቁ። የልጇን እጅ ግን አጥብቃ ይዛለች።

"ነገ ሲፈቱኝ... ካላየሁስ?" አለች ቀስ ብላ።

"ቅዳሜ እንመጣለን።"

"ካየሁስ?"

"ቅዳሜ እንመጣለን።"

ይህን ያጫወተኝ ሹፌሩ ልጇ ነው። እየጻፍኩላችሁ ባለሁበት ሰዓት ፋሻው ገና አልተፈታም፣ እኔም እንደ እናንተ ጨንቆኛል...

👉 ትምህርቱ፦ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። እውነት ነው። ግን ወላጆቻችን የሚደብቁን ብዙ ጊዜ እኛን እንዳያጡ ፈርተው ነው። የምትሄዱት ለእነሱ ብላችሁ ከሆነ በአፋችሁ ንገሯቸው። "ያውቁታል" ብላችሁ አትለፉት።

እናንተስ... ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ለመቆየት ብቻ የምትወዱት መስላችሁ የምታደርጉት ነገር ምንድነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን... ከመጻፋችሁ በፊት ግን መጀመሪያ ደውሉላቸው።